ፈጣን ክፍያና የመካከለኛው ሰው አማና

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፌ የተነሣው ከገበያ ነው። ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምረው። ጥፋቱን የምናገረው ለወሬ ማድመቂያ ሳይሆን ትምህርቱ ያለው እዚያው ውስጥ በመሆኑ ነው።

ለዐረፋ በዓል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ሐራ ከብት ተራ ቆሜ ነበር። ከአፋር ወገን አራት ሙክት ነድተው የመጡ አንድ አዛውንት ከአንድ ከማላውቀው ወጣት ጋር በ48 ሺህ ብር ተስማሙ። ወጣቱ ጥሬ ገንዘብ አልያዘም፤ በስልኩ ከፈለና ስልኩን አሳያቸው። የአዛውንቱ ስልክ ግን ዝም አለ። የዚያን ዕለት ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። አዛውንቱ ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ባለ ሱቅነቴን ስለሚያውቁ እኔን ጠሩኝና፣ «ልጄ፣ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ ይኼ ነገር እውነት ነው ወይ?» አሉኝ። እኔም የወጣቱን ስልክ ተቀብዬ አየሁት። ቁጥሩ የሳቸው ነው፤ የብሩ ልክ ትክክል ነው፤ ከላይ አረንጓዴ ምልክት አለ። «አዎ አባባ፣ ገብቷል፤ ይስጡት» አልኩ። ወጣቱ ሙክቶቹን በመኪና ጭኖ ወደ ወልዲያ ሄደ።

አዛውንቱ በገንዘቡ ማሽላ ሸምተው ሊመለሱ ነበር። ዐስር ሰላት ላይ ኔትወርኩ ሲመለስ ኤጀንት ዘንድ ሄደው ቢያስፈትሹ በስልካቸው ያለው ቀሪ ሒሳብ ከጠዋቱ ያልተለወጠ ሆኖ ተገኘ። ባዶ ጆንያቸውን ታቅፈው ወደ ሱቄ መጡ። አልጮኹም፤ አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ገብቷል ብለኸኝ ነበር» ብቻ ነው ያሉት። ውድ አንባቢያን፣ ከስድብ ሁሉ የከበደችኝ ይህች ቃል ናት።

መጨረሻውን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ለጊዜው ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በዚያ ግብይት ውስጥ ሻጭና ገዥ ብቻ አልነበሩም። ሁለቱም ያላዩት፣ ነገር ግን ሁለቱም ያመኑት አንድ የክፍያ ሥርዓት በመካከላቸው ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ምንም ሳላውቅ «ገብቷል» ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነበርኩ። እኔም መካከለኛ ሆኜ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፈጣን ክፍያና በመካከል ስለሚቆመው ታማኝ ወገን ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። የተረዳሁትን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

ትዕዛዝ፣ ቃልና ርክክብ

በመጀመሪያ መለየት ያለብን ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የክፍያ ትዕዛዝ ነው፤ ከፋዩ «ከእኔ ሒሳብ ቀንሳችሁ ለእገሌ ስጡ» ይላል። ሁለተኛው ቃል ነው፤ መካከለኛው ወገን «እሺ፣ እሰጣለሁ» ይላል። ሦስተኛው ርክክብ ነው፤ ተቀባዩ ገንዘቡን ማዘዝ፣ ማውጣትና መሸመቻ ማድረግ ይችላል።

በጥሬ ገንዘብ ስንገበያይ ሦስቱ በአንድ ቅጽበት ይፈጸማሉ። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ትዕዛዙም፣ ቃሉም፣ ርክክቡም አለቀ። በስልክና በኮምፒዩተር ስንከፍል ግን ሦስቱ ይለያያሉ። በመካከላቸው የሚያልፈው ጊዜ አንዳንዴ ሰከንድ፣ አንዳንዴ ሰዓት፣ አንዳንዴም ቀን ነው። «ፈጣን ክፍያ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ማለትም ቃሉን በፍጥነት ማድረስ ነው። የወጣቱ ስልክ ላይ ያየሁት አረንጓዴ ምልክት ቃል ነበር። እኔ ርክክብ ብዬ ተረጎምኩት። ስሕተቴ ይኸው ነው።

ይህ ልዩነት ለሙስሊም ነጋዴ አዲስ ሊሆን አይገባም። ዑለሞቻችን «ቀብድ» ብለው ብዙ የጻፉበት ርእስ ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ጅዳ ላይ ባደረገው 6ኛ ጉባኤው ይህንኑ ጉዳይ መርምሮ ውሳኔ አሳልፏል። ገንዘብ በደንበኛ የባንክ ሒሳብ ላይ መመዝገቡ በእጅ እንደመቀበል ሊቆጠር እንደሚችል ተቀብሏል። ዳሩ ግን በምዝገባውና ገንዘቡን በእርግጥ ማግኘት በሚቻልበት ጊዜ መካከል የተለመደ መዘግየት ቢኖር፣ ተቀባዩ ገንዘቡን በእርግጥ ሊረከብ የሚችልበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ እንዳይገበያይበት አሳስቧል። አዛውንቱ ከሙክቶቻቸው ሲለዩ እዚያ ደረጃ ላይ አልደረሱም ነበር። ያደረስኳቸው በምላሴ እኔ ነኝ።

መካከለኛውን ለማስወገድ የተደረገ ሙከራ

ሁለተኛው ትምህርት ከሩቅ አገር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 መጨረሻ ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የሚጽፍ፣ እስከ ዛሬ ማንነቱ በእርግጥ ያልታወቀ ሰው አንድ አጭር ጽሑፍ አሰራጨ። ሐሳቡ ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት ሲገበያዩ በመካከላቸው ባንክ ወይም ሌላ ታማኝ ወገን ሳይቆም ገንዘብ እንዲተላለፍ ማድረግ ነበር። በጥር 2009 ቢትኮይን ሥራ ጀመረ።

ችግሩ ምን ነበር? ወረቀት ብር አንዴ ከሰጠሁህ እኔ ዘንድ የለም። የኮምፒዩተር ገንዘብ ግን ቁጥር ነው፤ ቁጥርን ለአንተም ለሌላም መላክ ይቻላል። አንድን ሙክት ጠዋት ለአንዱ፣ ከሰዓት ለሌላው እንደሚሸጥ ሰው አንዱን ገንዘብ ሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል ማለት ነው። ባንክ ይህን የሚከለክለው መዝገቡን ብቻውን በመያዙ ነው። ቢትኮይን ደግሞ መዝገቡን ለአንድ ወገን በመስጠት ፈንታ ለሺዎች አካፈለው። በዓለም ላይ የተበተኑ ኮምፒዩተሮች አንድ ዓይነት መዝገብ ይይዛሉ፤ አዲስ ገጽ በአማካይ በየ10 ደቂቃው ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ገጽ ከቀደመው ጋር ይሰፋል። ይህ የተሰፋ መዝገብ ነው ብሎክቼን የሚባለው።

መካከለኛውን የማስወገዱ ዋጋ ጊዜ ሆነ። ክፍያህ ገጽ ላይ እስኪሰፍር 10 ደቂቃ ያህል ትጠብቃለህ። ብዙ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ በላዩ ተጨማሪ ገጾች እስኪደረቡ መጠበቅ ይመከራል፤ የተለመደው 6 ገጽ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ የጠጣ ሰው ሒሳቡ እስኪጸድቅ አንድ ሰዓት ተቀመጥ ቢባል ማን ይስማማል?

መካከለኛው በጓሮ በር ሲመለስ

ከዚህ የተነሣ ፈጣን ክፍያ የሚሸጡ ድርጅቶች መጡ። በእ.ኤ.አ. 2010ዎቹ ግሪን አድሬስ የተባለ የቢትኮይን ቦርሳ አገልግሎት ያቀርብ የነበረው ዘዴ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገንዘቡ ሁለት ቁልፍ ባለው ሣጥን ይቀመጣል፤ አንዱ ቁልፍ በባለቤቱ፣ ሁለተኛው በድርጅቱ እጅ ነው። ሣጥኑ ያለ ሁለቱ አይከፈትም። ድርጅቱ «አንድን ገንዘብ ሁለት ጊዜ እንዲከፈል በፍጹም አልፈርምም» ብሎ ቃል ይገባል። ድርጅቱን የሚያምን ሻጭ የድርጅቱን ፊርማ ሲያይ መዝገቡን ሳይጠብቅ ዕቃውን ይሰጣል።

ዘዴው ብልህነት አለው፤ ድርጅቱ ብቻውን ገንዘቡን ወስዶ ሊሄድ አይችልም። ነገር ግን ልብ በሉ። የፍጥነቱ ምንጭ መዝገቡ ሳይሆን የድርጅቱ ቃል ነው። በፊት በር የተሸኘው መካከለኛ በጓሮ በር ተመለሰ። እኔ ከብት ተራ «ገብቷል» እንዳልኩት ድርጅቱም «ይገባል» ይላል።

በእርግጥ ሌላ መንገድም ተሞክሯል። ጆሴፍ ፑንና ታዴየስ ድራይጃ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጻፉት ላይትኒንግ የሚባለው ዘዴ አለ። ሁለት ሰዎች አስቀድመው ገንዘብ በጋራ ይቆልፋሉ፤ ከዚያ በመካከላቸው ያለውን ሒሳብ በየጊዜው በፊርማ እያደሱ በቅጽበት ይከፋፈላሉ፤ ዋናው መዝገብ ላይ የሚጽፉት መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ ነው። አንዱ አሮጌ ሒሳብ አምጥቶ ሊያታልል ቢሞክር ሌላው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ደርሶ ሊቀጣው ይችላል። በንድፉ የማንም ቃል አያስፈልግም። በተግባር ግን ብዙ ተጠቃሚ ነገሩ ስለሚከብደው ገንዘቡን ለአንድ ድርጅት አስረክቦ በእሱ በኩል ይከፍላል። ሰው ከድካም ይልቅ አደራን ይመርጣል።

አደጋው የት ላይ ነው?

«ታማኝ ሰው በመካከል ቢቆም ምን ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንድ መካከለኛ መኖሩ ብቻውን ችግር አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ሁሉም ወደ አንዱ ሲሰበሰብ ነው። እንዴት እንደሚሰበሰብ ላስረዳ።

ሻጭ የሚያምነው የሚያውቀውን ፊርማ ነው። ስለዚህ ትልቁ ድርጅት ብዙ ሻጭ ይቀበለዋል። ብዙ ሻጭ ስለሚቀበለው ገዥ ሁሉ ወደ እሱ ይሄዳል። ገዥ ሁሉ ስለሄደ አዲሱና ትንሹ ድርጅት ቢታመንም እንኳ የሚቀበለው አያገኝም። ማንም ሳያስገድድ፣ ማንም ሳያሴር ገበያው በአንድ በር ይገባና ይወጣል። ከዚህም አራት አደጋዎች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ በሩ ሲዘጋ ሁሉም ይቆማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ቶኪዮ የነበረው ማውንት ጎክስ የተባለ የቢትኮይን መገበያያ ሥራ አቆመ። 850 ሺህ ያህል ቢትኮይን እንደጠፋ አሳወቀ፤ ከዚያ ውስጥ 200 ሺህ ያህሉ በኋላ ተገኘ። በኅዳር 2022 ደግሞ ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ መገበያያ ከሰረ። የቢትኮይን መዝገብ በሁለቱም ጊዜ አልተሰበረም። የተሰበረው ሰዎች ለድርጅቶቹ የሰጡት አደራ ነው።

ሁለተኛ፣ በር ጠባቂው የሚያልፈውንና የማያልፈውን ይመርጣል። ከዶላር ጋር ዋጋው እኩል እንዲሆን የተሠራው ቴተር የተባለ ዲጂታል ገንዘብ አለ። ስሙ በውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያንና በነጋዴዎች ዘንድም ይነሣል። አውጪው ድርጅት አንድን አድራሻ ማገድ ይችላል፤ አግዶም ያውቃል። አንዳንዱ እገዳ የሌባ ገንዘብ ለመያዝ የተደረገ ነውና ጥቅም የለውም አልልም። ሆኖም «ማንም ሊነካው የማይችል ገንዘብ ይዣለሁ» የሚል ሰው ራሱን እያታለለ መሆኑን ይወቅ።

ሦስተኛ፣ መካከለኛው ራሱ በሌላ መካከለኛ ላይ የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 አሜሪካ ውስጥ ሲልከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ፣ ዩኤስዲሲ የተባለውን ዲጂታል ዶላር የሚያወጣው ሰርክል የተባለ ድርጅት 3.3 ቢሊዮን ዶላር እዚያው ባንክ ውስጥ ነበረው። አንድ ዶላር መሆን ያለበት ዩኤስዲሲ ለጥቂት ጊዜ ከ90 ሳንቲም በታች ወረደ። ሰዎቹ ባንክ ሸሽተን ወጣን ባሉበት ባንክ ተከትሏቸው ነበር።

አራተኛ፣ በር ጠባቂው ሁሉን ያያል። ማን ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደሰጠ መዝገብ አለው። ሰደቃህንም፣ ዕዳህንም፣ ችግርህንም ያውቃል። መረጃው ከአንድ ቦታ በተሰበሰበ መጠን የሚሰርቀውም የሚያዝበትም ያንን አንድ ቦታ ብቻ ማግኘት ይበቃዋል።

እኛው ዘንድ ያየነው

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የሩቅ አገር ጭንቀት ነው እንዳትለኝ። እኛ የቢትኮይን ተጠቃሚዎች አይደለንም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑንና በዲጂታል ምናባዊ ገንዘቦች መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ነገር ግን ፈጣን ክፍያ በቤታችን ገብቷል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ2017 መጨረሻ ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን ማለፋቸው ተገልጿል። ኤምፔሳ በ2015 መጨረሻ ተከተለ። ባንኮቹም የየራሳቸው የስልክ መክፈያ አላቸው። ሐራ ላይ ዛሬ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ሳትቀር ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ሰቅላለች። ይህ ብዙ ችግር አቃሏል፤ ምስጋናውን መንፈግ አይገባም።

ይሁንና ሦስት ነገሮችን እናስታውስ።

መጋቢት 6 ሌሊት ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. ረመዳን ውስጥ ነበርን። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ለሰዓታት አገልግሎቱ ተቋረጠ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ መወሰዱን ገልጾ የወሰዱት እንዲመልሱ ጠየቀ፤ አብዛኛውም ተመለሰ። ምክንያቱ የሥርዓት ማሻሻያ ሥራ እንጂ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረ ተነገረ። ልብ የሚባለው ነገር ግን ይህ ነው። በወቅቱ ባንኩ ከ38 ሚሊዮን በላይ የሒሳብ ባለቤቶች እንደነበሩት ተዘግቧል። አንድ ስሕተት በአንድ ሌሊት የዚህን ሁሉ ሰው ገንዘብ በር አናጋ። ባንኩ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱም ትንሽ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ ባንክ ተዘጋ፤ መብራትና ስልክ ጠፋ። በትግራይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ባንክና ስልክ አጥተው ከዓመት በላይ ቆይተዋል፤ የባንክ አገልግሎቱ በትላልቅ ከተሞች መመለስ የጀመረው በታኅሣሥ 2015 ነበር። በዚያ ወቅት ባንክ ውስጥ መቶ ሺህ ብር ያለው ሰው እፍኝ ማሽላ መግዣ አጣ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ቁጥሩ ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ነበር። የጠፋው መንገዱ ነው። እኔ ራሴ በዚያ ጊዜ ሱቄን ያኖርኩት በደብተር ነው። «እገሌ ሁለት ኪሎ ጨው፣ እገሊት አንድ ጣሳ ዱቄት» እያልኩ ጻፍኩ። ሰላም ሲመለስ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ከፈለኝ። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ።

ሦስተኛው፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት ቆየ። በዚያ ወቅት በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መተግበሪያ የያዘ ሰው ስልኩ የኪስ ክብደት ብቻ ሆነበት።

ሐራ ገበያ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል የሚመጣውና ከመቀሌ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ እንዲገናኙ የታቀደባት ቦታ ናት። ስለዚህ ይህ ምሳሌ ለእኛ ቅርብ ነው። ሁለት ሐዲድ የሚገናኙበት ጣቢያ ለንግድ በረከት ነው። ሌላ መንገድ ሁሉ ተረስቶ ሰውም እህልም በዚያ ጣቢያ ብቻ እንዲያልፍ ከተደረገ ግን የጣቢያው ቁልፍ የያዘ ሰው የአገሩን ሞሰብ ያዘ ማለት ነው።

ስለ ሐዋላስ?

«ድሮ ሐዋላ ነበረን» የሚሉ አሉ። እውነት ነው። ገንዘብን ሳያጓጉዙ በቃልና በጽሑፍ ማስተላለፍ በሙስሊሙ ዓለም ጥንታዊ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይር መካ ላይ ከሰዎች ዲርሃም ተቀብለው ኢራቅ ለነበሩት ወንድማቸው ለሙስዐብ ይጽፉ እንደነበር፣ ሰዎቹም እዚያ ደርሰው ይቀበሉ እንደነበር በፊቅህ መጻሕፍት ተጠቅሷል። ከወሎ ሳዑዲ ዐረቢያ የሄዱ ልጆቻችን ለቤተሰብ የሚልኩትም ገንዘብ ለብዙ ዘመን በዚህ መሰል መንገድ ሲመጣ ቆይቷል።

የሐዋላ ጥንካሬ መካከለኞቹ ብዙ መሆናቸው ነው። አንዱ ቢቆም ሌላው አለ። ድክመቱ ደግሞ ሰውዬው ሲጠፋ ዳኛ አለመኖሩ ነው። ልጃቸው በባዕድ ቤት ሁለት ዓመት ደክማ የላከችው ገንዘብ ሳይደርሳቸው የቀረ ወላጆች በየቀበሌው አሉ። በዚያ ላይ የውጭ ምንዛሪን ከባንክና ከተፈቀደላቸው ተቋማት ውጭ ማዘዋወር በአገራችን ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ወደ ድሮው እንመለስ ለማለት አልጻፍኩም። ከድሮው የምንወስደው አንድ መመዘኛ ግን አለ። በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርት ዕዳው ወደ ሌላ ሰው የተዛወረበት ባለ ገንዘብ ዝውውሩን እንዲቀበል የተመከረው ያ ሰው የመክፈል ዐቅም ያለው ሲሆን ነው። መጠየቅ ያለብን ይህንን ነው። በመካከላችን የቆመው ወገን ዐቅሙ በምን ይታወቃል? ቢያጠፋ የሚጠየቀው የት ነው?

ለመካከለኛው የሚሰጥ ሐቅ

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውን ወገን ልናገር። ያለ መካከለኛ ያለው ዓለም ምሕረት የለውም። በቢትኮይን መዝገብ ላይ ገንዘብህን በስሕተት ለሌላ ሰው ብትልክ የምታመለክትበት መስኮት የለም። የምስጢር ቁልፍህን ብትረሳ ገንዘቡ መቃብር ገባ። አንዲት ጎረቤቴ ለልጇ የትምህርት ቤት የላከችው 3 ሺህ ብር በአንድ ቁጥር ስሕተት ለማታውቀው ሰው ደረሰ፤ አመልክታ ከአራት ቀን በኋላ ተመለሰላት። መካከለኛ ባይኖር ኖሮ አልቅሳ ትቀር ነበር። ፊደል ያልቆጠረች እናት የምስጢር ቁልፍ ራስሽ ጠብቂ ማለትም ግፍ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መካከለኛ ይኑር ወይስ አይኑር አይደለም። ስንት ይሁኑ? እርስ በርስ ይገናኛሉ ወይ? ደንበኛ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ያለ ኪሣራ መሄድ ይችላል ወይ? ቢሳሳቱ የሚያርማቸው፣ ቢያጠፉ የሚጠይቃቸው አለ ወይ? ባንኮቻችን በኢትስዊች በኩል መገናኘታቸው በዚህ ረገድ በጎ ነገር ነው፤ የአንዱ ባንክ ደንበኛ ለሌላው ባንክ ደንበኛ መላክ ችሏል። ነገር ግን ማገናኛውም ራሱ አንድ በር ነውና፣ እሱ ሲቆም የምንሄድበት ሁለተኛ መንገድ ሊታሰብ ይገባል።

ምን እናድርግ?

ለነጋዴ ወንድሞቼና እኅቶቼ ከራሴ ጥፋት የተማርኩትን ላካፍል።

1. የከፋዩን ስልክ አይታችሁ ዕቃ አትስጡ። በራሳችሁ ስልክ ቀሪ ሒሳባችሁ መጨመሩን እዩ። አጭር መልእክት ብቻውን አይበቃም፤ መልእክት ሊዘገይም ሊፈበረክም ይችላል።

2. እንደ ዕቃው መጠን ጠብቁ። ለሻይ ሒሳብ ቃል ይበቃል፤ ለከብትና ለመኪና ጭነት ግን ርክክቡ እስኪረጋገጥ መጠበቅ ነውር አይደለም። የቢትኮይን ሰዎች ለትንሹ ሳይጠብቁ፣ ለትልቁ አንድ ሰዓት የሚጠብቁት ይህንኑ ተረድተው ነው።

3. ገንዘባችሁን ሁሉ በአንድ በር አታስቀምጡ። በሁለት ተቋም ይሁን። ለጥቂት ሳምንታት ቀለብ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ቤት ይኑር፤ ያሳለፍነው ጊዜ አስተምሮናል።

4. ጻፉ፤ አስመስክሩ። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑ በከንቱ አይደለም። የገዥን ስምና ቀበሌ በደብተር መያዝ አንድ ደቂቃ ይፈጃል።

5. በዲጂታል ገንዘብ «በቅጽበት ትከፈላለህ፣ በቅጽበት ትከብራለህ» ለሚላችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ «ቁልፉ በማን እጅ ነው?» በሉት። ሕጉም የማይፈቅደው መሆኑን አትርሱ፤ ስትከሰሩ አቤት የምትሉበት ደጅ የለም።

6. የማታውቁትን «ገብቷል» ብላችሁ አትመስክሩ። ይህ ከሁሉም በላይ ለእኔ ነው።

ለሚመለከታቸው ተቋማትም ቃል አለኝ። አረንጓዴ ምልክት ሲያሳዩ ትዕዛዙ ተቀባይነት ማግኘቱንና ገንዘቡ ተቀባዩ እጅ መግባቱን በግልጽ ይለዩልን። በአማርኛም፣ በአፋርኛም፣ በኦሮምኛም በድምፅ የሚናገር ማረጋገጫ ለማያነቡ ሰዎች ይኑር። ኢንተርኔት ሲጠፋ በተራ ስልክ፣ ተራ ስልክ ሲጠፋ ደግሞ በቅርንጫፍ የተወሰነ ገንዘብ ማውጣት የሚቻልበት ሥርዓት አስቀድሞ ይዘጋጅ።

የአዛውንቱ ነገር

አሁን ወደ አዛውንቱ ልመለስ። የዚያን ቀን አንድ ኩንታል ማሽላና 10 ሺህ ብር ከሱቄ ሰጠኋቸው፤ ለቀሪው ሁለት ሰው አስመስክሬ በደብተር ፈረምኩ። ወጣቱን በደላላው በኩል በ11ኛው ቀን ወልዲያ አገኘሁት። ሌባ አልነበረም። ስልኩን ገልጦ አሳየኝ፤ ገንዘቡ ከእሱ ተቀንሶ፣ ያልደረሰበት ቦታ ሳይደርስ፣ በሁለተኛው ቀን ተመልሶለታል። «ሰውየውን ስለማላውቃቸው የት ልፈልጋቸው?» አለኝ። ወዲያውኑ ከፈለ። በሚቀጥለው ገበያ ለአዛውንቱ ቀሪውን በእጃቸው ሰጠሁ። አንድ በአንድ ቆጠሩት። ከዚያ ደብተሩን አምጣ አሉኝና ስማቸው ባለበት መስመር ላይ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ።

ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መካከል አጥፊ ብፈልግ ያገኘሁት ራሴን ነው። ሥርዓቱ ዘገየ እንጂ ገንዘቡን አልበላም፤ ወጣቱ አልዋሸም፤ አዛውንቱ መጠየቅ ያለባቸውን ጠይቀዋል። በመካከል ቆሞ ያላወቀውን የመሰከረው እኔ ነኝ። ትልልቆቹም መካከለኞች፣ ቶኪዮ ይሁኑ አዲስ አበባ፣ ፈተናቸው ከእኔው ፈተና የተለየ አይደለም። ልዩነቱ የእኔ ስሕተት አንድ ጆንያ ባዶ ማድረጉ፣ የእነሱ ግን የሚሊዮኖችን ጆንያ ባዶ ሊያደርግ መቻሉ ነው። አማናን ለአንድ ሰው ጫንቃ ብቻ ከመጫን ለብዙዎች ማካፈል የሚሻለውም ለዚህ ነው።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ወላሁ አዕለም።